ለዳማ የሚሆን ካምቢዮ

ጥቅምት 9

ወንድምዬ፣

እኔም እናታችንም ደህና ነን፤ አንተስ? የላክኸው ሞተር ደርሶልናል። ሹፌሩ ጓደኛህ ጋራዡ በር ላይ ሲያራግፈው የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ከበበው። ጎረቤታችን ቶርኖ ሠራተኛው ዙሪያውን ዞረና፣ «ይሄን የምትገጥሚው ለመኪና ነው ለመርከብ?» አለኝ።

«ይገባል ወይ?» ላልከኝ፣ መግባቱስ ይገባል። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቀለሟ ዳማ ብሎ የጠራት ይቺ የስፖርት መኪና አፍንጫዋ ረጅም ነው። ከሁለት ሰው በላይ የማትጭነው ቦታዋን ሁሉ ለሞተር ሰጥታ አይደል? ችግሩ ከሞተሩ ኋላ ነው። ከተሠራች ጀምሮ ያለው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ የዚህን ሞተር ግማሽ ጉልበት እንኳ አይችልም። ትናንት ፈትቼ አየሁት። ጥርሶቹ የሕፃን ጥርስ ናቸው። ከዚህ ጎረምሳ ጋር ካጋባሁት የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርስ ጥርሱ ረግፎ ዘይቱ ውስጥ ታገኘዋለህ። ቢችል እንኳ የሞተሩ ቀዳዳና የካምቢዮው ቀዳዳ አይተዋወቁም፤ ብሎን የሚይዝበት ቦታ የለም።

ስለዚህ አቅሙ የሚመጥን ካምቢዮ ልፈልግ ነው። ጠንካራ ሞተር መግዛትማ ማንም ይገዛል። አባባ ይሄን ሲያስተምረኝ አንተ የጎማ ክምር ላይ ተኝተህ ታንኮራፋ ነበር። ግድ የለም፣ ለእረፍትህ ትደርሳለች።

እማዬ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ መቼ ይመጣል? ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ። ስለ ሞተሩ የጻፍከውን ልዘልለው ስል፣ «አትዝለይ፣ እሱም የልጄ ቃል ነው» አለችኝ። ዐይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋማ ምን ብሎት!

እህትህ


ኅዳር 14

እታለም፣

ሁለት ደብዳቤ ተቀብዬ አንዱንም ሳልመልስ መቆየቴን ይቅር በይኝ። ሥራ ወጥሮኝ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤሽማ ሰላምታ እንኳ የለው፤ ከላይ እስከ ታች ቁጣ ነው። ሹፌሩ «ሲያነክስ አየሁት» ያለሽ አልዋሸም፤ የሚያስቆጣ ነገር ግን የለውም። ሚስማር የጫማዬን ሶል አልፎ ወግቶኝ፣ ሳይሰማኝ ውዬበት፣ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው ያየሁት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ እንደሚደነዝዝ ታውቂያለሽ። ታክሜ ድኗል። መድኃኒቴንም በሰዓቱ እወስዳለሁ። ይሄን ለእማዬ አታንብቢላት።

ካምቢዮውን ላንቺ ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ለጠንካራ ሞተር ጠንካራ ፍሪሲዮን ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ፔዳሉን ያከብደዋል። እባክሽ በተቻለሽ መጠን አለስልሺልኝ። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ፔዳል ስታገል ውዬ፣ ለመዝናናት በወጣሁበት ደግሞ ሌላ ትግል አልፈልግም።

ጽሑፌ የተንጋደደው ጭኔ ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው። ጠረጴዛውን ጓደኞቼ ለካርታ ጨዋታ ይዘውታል፤ ጫጫታቸው አይጣል ነው። ፎቶ ላልሽው ጢሜን ስላጭ እነሳለሁ። አሁን ብታዪኝ በር አትከፍቺልኝም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ወንድምዬ፣

ካምቢዮ ተገኘ! ከከተማው ዳር፣ የተጋጩ መኪኖች የሚከማቹበት ግቢ ስመላለስ ከርሜ፣ ከኋላው የተጨፈለቀ ትልቅ የቤት መኪና ውስጥ ባለ አምስት ማርሽ አገኘሁ። ጥርሱ ወፍራም፣ ዘንጉ ጠንካራ። ዘበኛው «ምን ልታደርጊው ነው?» ሲለኝ፣ «ልድረው ነው» አልኩት።

«ምን ላይ ደረስሽ?» ስላልክ ልንገርህ። ቶርኖ ሠራተኛው በሞተሩና በካምቢዮው መሀል የሚገባ ወፍራም ብረት ቆረጠልኝ፤ በአንድ ፊቱ የሞተሩ ቀዳዳ፣ በሌላው ፊቱ የካምቢዮው። መሀሉ የፀጉር ያህል ከሳተ ኩሽኔታ ይበላል ብዬ ደጋግሜ አስመለስኩት። በመጨረሻ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የምትሠሪው መኪና ነው የእጅ ሰዓት?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ግን አስተካከለው። የኋላውን ዲፈረንሻልም ለወጥኩ። የድሮው ሞተር ብዙ ዞሮ ትንሽ የሚሄድ ነበር። ይሄኛው ቀስ ብሎ እየዞረ ብዙ ይሄዳል፤ በድሮው ዲፈረንሻል ብተወው አምስተኛ ማርሽ ላይ ሆና እንኳ ስትጮህ ነው የምትውለው።

ፍሪሲዮኑንም አልረሳሁም። በዘይት የሚገፋ አድርጌልሃለሁ። እማዬ ጋራዥ ድረስ መጥታ ፔዳሉን በእጇ ተጭና፣ «ይሄማ ትራስ ነው» አለች።

ለእረፍት ትመጣለህ ብለን አልጋህን አንጥፈን ነበር። «ሥራ በዛ» ካልክ ምን እላለሁ? እማዬ ግን «አልጋውን አታንሺው» ብላለች። ፎቶውም አልደረሰም። ጢምህ ጫካ ሆነ እንዴ?

እህትህ


ጥር 18

እታለም፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ወረቀት ስቀድ ዋልኩ። ቁጣሽን ስለማውቅ ይቅርታዬን አስቀድሜያለሁ።

ካምቢዮውን አውጪው። አውቶማቲክ ግጠሚላት።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። «አውቶማቲክ መንዳት አኝከው ያጎረሱትን መዋጥ ነው» እያልኩ ሰው ሳበሽቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሰው ይለወጣል። የከተማው መንገድ ተጨናንቋል፤ ፍሪሲዮን ሲረግጡ መዋል ሰለቸኝ፤ ጉልበቴንም ያመኛል። ለስላሳውም ቢሆን ይቅርብኝ። ያን ሞተር የሚችል አውቶማቲክ አይጠፋም፤ ሞተሩ የወጣበትን ዓይነት መኪና ብትፈልጊ ታገኛለሽ።

ለምን እንደማልመጣ ደግመሽ አትጠይቂኝ። አለቃዬ ፈቃድ ከልክሎኝ ነው። አድራሻዬ የተለወጠው ማደሪያ ስለቀየርን ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ጻፊልኝ። ፎቶ ልኬያለሁ። ከወገብ በላይ ነው ያነሱኝ፤ ለእማዬ ጢሙን ተላጭቷል በያት።

የለፋሽበትን ሥራ ስላፈረስኩብሽ አትቀየሚኝ።

ወንድምሽ


ጥር 30

አንተ ልጅ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ደብዳቤህ የደረሰኝ ዳማ ሥር ተኝቼ የካምቢዮውን የመጨረሻ ብሎን ሳጠብቅ ነው። አንብቤ ስጨርስ መፍቻውን ወረወርኩት። ቶርኖ ሠራተኛው ድምፁን ሰምቶ መጣና፣ «ልጁ ሐሳቡን ለወጠ እንዴ?» አለ።

ቤት ገብቼ እየተሳደብኩ ለእማዬ አነበብኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያ አለስልሺልኝ ያለሽ ነገር፣» አለችኝ፣ «በየትኛው እግር ነው የሚረገጠው?»

«ፍሪሲዮን? በግራ ነዋ።»

«አሁን የጠየቀሽስ?»

«አውቶማቲክ በቀኝ ብቻ ነው የሚነዳው። ግራ እግር ሥራ የለውም» አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ነው ለራሴ የተሰማኝ። እማዬ ፎቶህን አንስታ በጣቷ ከፊትህ ወደ ታች ዳሰሰችው። ወገብህ ጋ ስትደርስ ወረቀቱ አለቀባት።

«ልጄ ግራ እግሩን ምን ሆነ?» አለችኝ።

እኔ የመኪና ድምፅ ከበር ሰምቼ በሽታውን የምናገር ሴት፣ የገዛ ወንድሜ እንዲህ እየጮኸ ሲጽፍልኝ አልሰማሁም። እማዬ ካምቢዮና ክሪክ የማትለየዋ ሰማችህ።

አዲሱ አድራሻህ ማደሪያ ነው ሆስፒታል? የመኪናው ነገር ይቆይ። መጀመሪያ መልስልን።

እህትህ


የካቲት 11

እማዬ፣ እታለም፣

ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው። ካሁን በኋላ ሲነበብ የሚዘለል ነገር የለም።

አዎ፣ ሆስፒታል ነኝ። ሚስማር የወጋኝ ቁስል አልዳነም። መጀመሪያ ጣቶቼን ወሰዱ፤ ፍሪሲዮኑን አለስልሺልኝ ያልኩሽ ያኔ ነው። ሌላው ይተርፋል ብዬ ነበር። አልተረፈም። አሁን ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የለም። የካርታ ጨዋታ፣ ጫጫታ፣ ጠረጴዛ ያልኩሽ ሁሉ ውሸት ነው፤ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። አለቃዬንም ያለ ኃጢአቱ አማሁት። ሥራ ካቆምኩ ከርሜያለሁ።

«ምን አስፈርቶህ ደበቅከን?» ብላችኋል። ይሄውላችሁ፤ እዚህ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ብርድ ልብሱ የጎደለበትን ቦታ ነው። ዶክተሩም፣ ጠያቂውም፣ ወለል የምትወለውለው ሴትዮም። እታለም ብቻ ናት ስለ ዲፈረንሻል የምትጽፍልኝ። ደብዳቤዋን ሳነብ ሙሉ ሰው ነበርኩ። እሱ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

ብቻዬን አይደለሁም። አንድ ነርስ አለች፤ ቁጣዋ እንደ እታለም ነው። መድኃኒት ስትሰጠኝ ካምቢዮ እንዴት እንደሚሠራ አስተምራታለሁ። ትናንት «ታዲያ ሞተሩ ከበለጠበት ለምን ሞተሩን አትቀንሱትም?» አለችኝ። ሳቄን እስካሁን አልጨረስኩትም።

እማዬ፣ አታልቅሺ። ቀኙ ደህና ነው። ዳማን በቀኝ እግሬ ብቻ እነዳታለሁ፣ አንቺን ጎኔ አስቀምጬ። ዳማ ተሠርታ እስክታልቅ ግን አትምጡ። አልጋ ላይ እንድታዩኝ አልፈልግም። መሪ ይዤ እዩኝ።

ልጅሽ፣ ወንድምሽ


መጋቢት 19

ወንድምዬ፣

ዳማ አውቶማቲክ ሆናለች።

«ስታወጪው አልቆጨሽም?» ላልከኝ፣ ባለ አምስቱን ካምቢዮ ሳወርድ አልቅሻለሁ፤ ለካምቢዮው ግን አይደለም። አውቶማቲኩ ከሞተርህ ጋር አንድ ቤት ያደገ ነው፤ ቀዳዳ ለቀዳዳ ገጠሙ፣ የቶርኖ ሠራተኛው ብረት ሥራ ፈት ሆነ። ቅር አለውና፣ «እኔ ላይ የጮኽሽበትስ?» አለኝ። ችግሩ ውፍረቱ ነው። በሁለቱ ወንበሮች መሀል ያለውን ወለል ቆርጬ፣ ከፍ ያለ ላሜራ በየድኩበት። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውንም ዘንግ አሳጠርኩት። አውቶማቲክ በጠንካራ ሞተር ቶሎ ይግላል፣ ስለዚህ ከፊት ዘይቱን የሚያበርድ ትንሽ ራዲያተር ሰጠሁት።

ያስቸገረኝ አንድ ሽቦ ነው። ካምቢዮው ስንት ነዳጅ እንደሰጠኸው በዚያ ሽቦ እየሰማ ነው ማርሽ የሚቀይረው። ከላላ ቶሎ ይቀይርና ሞተሩን ያፍነዋል፤ ከጠበቀ ሞተሩ እስኪጮህ ይዘገያል። እያጠበቅሁ እያላላሁ ነው።

ከዚያ ግራ እግሬን አጥፌ በቀበቶ አሰርኩና ነዳኋት። አንተ እንደምትነዳት ልያት ብዬ። መብራት ላይ ስደርስ የታሰረው እግሬ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ይዘልላል። እንቢ አለኝ። የሌለው እግርህ እንዲህ ይረግጥ ይሆን? ይቅርታ፣ መጠየቅ አልነበረብኝም። ልሰርዘው አስቤ ነበር፤ እማዬ ግን «ከእንግዲህ የሚሰረዝ ነገር የለም» ብላ ከለከለችኝ።

ቀኙስ? እሱንም ንገረን።

እህትህ


ሚያዝያ 8

እታለም፣

ይረግጣል። መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ሰው አይጠይቀኝም። በህልሜ ዳማን እየነዳሁ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፤ ይታዘዘኛል፣ ለስላሳ ነው፣ ያው አንቺ እንደሠራሽው። ጣቶቼ ሁሉ ይሰሙኛል። ስነቃ ነው የሚከፋው።

ሽቦውን ትንሽ ወደ ማጥበቁ አድርጊው። እናቴን ጭኜ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲታፈን መስማት አልፈልግም።

ስለ ቀኙ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ዶክተሩ ጣቶቹን አይቶ ምንም ሳይለኝ ወጣ። ነርሷን ብጠይቃት መስኮት ልትዘጋ ሄደች፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነበር። ይሄው ነው የማውቀው።

አትምጡ ያልኩትን ትቻለሁ። ኑ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 17

ወንድምዬ፣

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ሠርቻለሁ። ነዳጁንና ፍሬኑን በእጅ አደረግሁት። ከመሪው ሥር ዘንግ አለ፤ ወደ ራስህ ስትስበው ነዳጅ፣ ስትገፋው ፍሬን። የካምቢዮውንም ሽቦ ከሱ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ካሁን በኋላ የሚሰማው እጅህን ነው። እዚያ ስንደርስ ምን ትላለህ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እማዬ «ዝም ብለሽ ሥሪ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት እንነሳለን። እማዬ ሻንጣዋን በር ላይ ካስቀመጠች ሰነበተች። ወንበሩ ሁለት ነው፤ ስለዚህ እሷን ይዘህ ስትወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

እህትህ


ግንቦት 2

እታለም፣

በሰላም በመግባታችሁ ተመስገን። ነርሷ ወደ አልጋዬ ስትመልሰኝ፣ «ምን አግኝተህ ነው ይሄን ያህል የምትስቀው?» አለችኝ። ክፍሉ ሙሉ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ሲያየኝ ነበር። እግሬን ያየ አንድም ሰው የለም።

«ከእማዬ ጋር ምን ስታወሩ ቆያችሁ?» ብለሻል። ያን ሁሉ ጊዜ በር ላይ አቁመንሽ መጠየቅሽ አይፈረድብሽም። እሷን ጠይቂያት። እኔ የመኪናውን ልንገርሽ፤ ማርሽ ሲቀየር አይታወቅም። ልይዘው ብዬ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር፤ ያመለጠኝ ይበልጣል። እንደዚያ ያለ ሥራ ከአባባም እጅ አላየሁም። ይሄን የምልሽ ስለምወድሽ አይደለም። ስለምወድሽም ነው።

ሐሙስ ቀኙን ይቆርጡታል። ዶክተሩ ልቤ መድከሙን ነግሮኛል፤ ማደንዘዣውን ይችለው አይችለው እርግጠኛ አይደለም። ፈርቻለሁ፣ እታለም። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? እማዬን ደግመሽ መንገድ አታድክሚያት። ይሄን ግን አትዝለይባት፤ ሁሉንም አንብቢላት።

ወንድምሽ


ሐምሌ 6

ለወንድሜ ነርስ፣

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንደምን ሰነበትሽ? አስከሬኑን ልወስድ የመጣሁ ቀን አንቺ ስታቅፊኝ እንኳ ሳላመሰግንሽ ሄድኩ። ሰው ሲጠፋበት አመሉም ይጠፋዋል፤ አትቀየሚኝ። «ስለቱ ሳይነካው ነው ልቡ የቆመው፤ ሕመም አልተሰማውም» ብለሽ የነገርሽኝን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ደጋግማ ታስነግረኛለች።

ልብሱን ለሚያስፈልገው ስጪ። የጫማውን ነገር ከብዶሽ እንደጠየቅሽኝ ገብቶኛል። እሱንም ስጪ፤ አንድ እግር ብቻ የሚፈልግ ሰው እናንተ ጋ አይጠፋም።

አጠገቡ ተኝቶ የነበረው ግንበኛ ለትንሿ መኪናው የእጅ ነዳጅና ፍሬን እንድሠራለት የጠየቀውን፣ እሺ በይው። መኪናውን ይላክ። ካምቢዮዋ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይጻፍልኝ።

ዳማ ጋራዡ ውስጥ ናት። አልፎ አልፎ ሞተሯን አስነሳለሁ። መንዳት ገና አልቻልኩም። ቶርኖ ሠራተኛው ድምፁን ሲሰማ ማሽኑን አጥፍቶ ይመጣና አጠገቤ ይቆማል።

ስለ እናቴ ለጠየቅሽኝ፣ ምግብ ትቀምሳለች፣ ትተኛለች። ለሱ ያነጠፍነውን አልጋ ግን እስካሁን አላነሳችውም። እሷን በዳማ ይዞ የወጣ ቀን ሁለቱ ምን ሲባባሉ እንደነበር አንቺም ለማወቅ ፈልገሻል። እኔም መታገሥ አልቻልኩም፤ ትናንት ልብስ ስናጣጥፍ ጠየቅኋት።

«ፍጥነት ስፈራ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «አባታችሁ ሲነዳ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር የምቀመጠው። ያን ቀን ልጄ ከበሩ እንደወጣን፣ 'እማዬ፣ ልቀንስልሽ?' አለኝ። 'ጨምር' አልኩት። ጨመረ። ትንሽ ሄደና፣ 'አሁንስ ልቀንስ?' አለኝ። 'ጨምር' አልኩት።»

«ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላ ምን አለ?» አለችኝ።

እህትሽ